የአመዳይን ፍጥነት የለካው ሊቅ፤ የኡኪቺሮ ናካያ የሕይወት ታሪክ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ሞቃት ከተማ ናት። በዙሪያዋ፣ በሀብሩ ወረዳ የሚኖረው ገበሬ ጤፉንና ማሽላውን ዘርቶ በክረምት ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጥ ሁለት ነገር ይጠባበቃል፤ አንዱን በተስፋ፣ ሁለተኛውን በሥጋት። ተስፋ የሚያደርገው ዝናሙን ነው፤ የሚሠጋው በረዶውን ነው። ዝናሙ ቢዘገይ የተዘራው በመሬት ውስጥ ይቀራል። በረዶው እሸቱ ላይ ቢወርድ ደግሞ የዓመት ልፋት በሩብ ሰዓት ውስጥ ከአፈር ይቀላቀላል።

ዳሩ ግን ተስፋውም ሥጋቱም ብዙ ጊዜ የሚመነጩት ከአንድ ደመና ነው። በክረምት ወራት በአገራችን ላይ የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚወርድበት ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 5000 ሜትር ገደማ ነው። ትልልቆቹ የክረምት ደመናዎች ከዚህ ከፍታ እጅግ አልፈው ይወጣሉ። በዚያ ብርድ ውስጥ ውሃው በረዶ ይሆናል፤ ከዚያ የሚወርደውም አብዛኛው በመንገድ ቀልጦ ዝናም ሆኖ ይደርሰናል። እንግዲህ ከመርሳ በላይ ባለው ሰማይ ላይ በክረምት ብዙ ቀን እንደ ሰሜን አውሮፓ ያለ ነጭ አመዳይ ይወርዳል ማለት ነው፤ መሬት ሳይደርስ ስለሚቀልጥ ግን የመርሳ ሰው አያየውም። ታዲያ ከዚያው ደመና የሚወጣው ጠጣር በረዶ ሳይቀልጥ መሬት የሚደርሰው ስለ ምንድን ነው? የዚህ ጥያቄ ዋናው መልስ በአወራረድ ፍጥነት ላይ ነው። ይህንንም ፍጥነት ከእያንዳንዱ የበረዶ ቅንጣት ክብደትና ቅርጽ ጋር አያይዞ የለካው በሩቅ ምሥራቅ፣ በጃፓን አገር ይኖር የነበረ አንድ የፊዚክስ መምህር ነው። ስሙ ኡኪቺሮ ናካያ ይባላል። ዛሬ የምንተርከው የዚህን ሰው ታሪክ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። በአማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውን የረጋ ውሃ ሁሉ በረዶ ማለት የተለመደ ነው። ነገሩ እንዲለይልን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ባዘቶ ሆኖ በዝግታ የሚወርደውን አመዳይ፣ እንደ ጠጠር የሚወርደውን ግን በረዶ እንላለን። አገራችንም ብትሆን ለአመዳይ ፈጽሞ እንግዳ አይደለችም። አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባስቀረጸው የግሪክ ጽሕፈት ላይ ተከዜን ተሻግሮ በስሜን ተራሮች ሲዘምት እስከ ጉልበት የሚያሰጥም አመዳይ እንደ ነበረ ተመልክቷል። ጽሕፈቱንም በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ገልብጦ አቆይቶልናል። ዛሬም ቢሆን ከ4500 ሜትር በላይ በሚደርሰው በራስ ደጀን ላይ አንዳንድ ጊዜ አመዳይ ይታያል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ኡኪቺሮ ናካያ በጁላይ 4 ቀን 1900 ዓ.ም. በኢሺካዋ አውራጃ ካታያማዙ በምትባል መንደር ተወለደ። ካታያማዙ ፍል ውሃ የሚፈልቅባት፣ በጃፓን ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኝ ስፍራ ናት። በዚያ ጠረፍ ክረምት ሲገባ ከባሕሩ የሚነሣው ርጥብ ነፋስ ብዙ አመዳይ ያወርዳል። ስለዚህ ናካያ በልጅነቱ አመዳይን ያወቀው ጣሪያን የሚያጎብጥ፣ መንገድን የሚዘጋ የክረምት ሸክም ሆኖ ነው እንጂ የምርምር ጉዳይ ይሆናል ብሎ አልነበረም።

በካናዛዋ ከተማ የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ በ1922 ወደ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ገባና ፊዚክስ መማር ጀመረ። በዚያም ቶራሂኮ ቴራዳ የተባለ መምህር አገኘ። ቴራዳ የፊዚክስ ሊቅ ሲሆን በድርሰት ጸሐፊነቱም የታወቀ ሰው ነበር። ለተማሪዎቹ ያወረሰው ትልቁ ሀብት በየቀኑ የምናየውን ነገር በጥያቄ ዐይን መመልከትን ነው። ሌሎች እንደ ተራ ነገር የሚያልፉትን፣ የመሬትን መሰንጠቅ፣ የስኳር ከረሜላ ቀንድ ማውጣትን የመሳሰለውን ሁሉ እርሱ በፊዚክስ ሕግ ይመረምረው ነበር። ናካያ በ1925 ተመርቆ ከዚሁ መምህር ጋር ስለ ኤሌክትሪክ ብልጭታ ምርምር ያካሂድ ጀመር። ከዚያም በ1928 ወደ ለንደን ተልኮ በኪንግስ ኮሌጅ በታወቀው ሊቅ በኦወን ሪቻርድሰን ሥር ስለ ኤክስ ሬይ አጠና።

ሩቅ አገር መመደብ

በ1930 ናካያ ወደ አገሩ ተመልሶ በሳፖሮ ከተማ በሚገኘው በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ተመደበ። ሆካይዶ የጃፓን ሰሜናዊት ደሴት ናት። ክረምቱ ረጅም፣ ብርዱ ብርቱ ነው። በዚያን ጊዜ ጃፓን ዘመናዊ ዕውቀትን በታላቅ ጥድፊያ የምትሰበስብ አገር ነበረች። የእኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1931 በመልእክት ሄደው ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለው መጽሐፋቸው ለኢትዮጵያ አንባቢ ያስተዋወቁት በዚያው ወራት ነበር።

ይሁን እንጂ የሳፖሮው የሳይንስ ፋኩልቲ ገና አዲስ ነበር። በቶኪዮና በለንደን በተሟላ መሣሪያ ሲሠራ የቆየው ወጣት መምህር ለሠለጠነበት ምርምር የሚያስፈልገውን ዕቃ በበቂ አላገኘም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሰው ፊት የሚቀርቡት መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንዱ መሣሪያ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው ወደ ዋናው ከተማ የሚመልስ ዝውውር መጠየቅ ነው። ናካያ ሦስተኛውን መንገድ መረጠ። ስፍራው በነጻ የሚሰጠው፣ ዋጋ የማይጠይቅ፣ ከሰማይ በገፍ የሚወርድ አንድ ነገር ነበረ፤ እርሱም አመዳይ ነው። ኤክስ ሬዩን ትቶ ወደዚህ ተመለሰ።

ከእርሱ በፊት በዚህ ነገር የደከመ ሰው አልጠፋም። በአሜሪካ አገር በቬርሞንት የሚኖር ዊልሰን ቤንትሊ የተባለ ገበሬ ከ1885 ጀምሮ የአመዳይን ቅንጣት በማይክሮስኮፕ እያጎላ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ኖሮ በ1931 ከ2400 በላይ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ታትሞለት ነበር። ናካያ ይህን መጽሐፍ አይቶ ተደነቀ፤ ነገር ግን አንድ ጉድለት ታየው። ቤንትሊ ውበት ወዳድ ስለ ነበረ ይበልጡን የመረጠው ስድስት ጨረር ያላቸውን፣ እንደ ጥልፍ ያማሩትን ቅንጣቶች ነው። ከሰማይ የሚወርደው ግን ብዙው እንዲህ ያማረ አይደለም። መርፌ የመሰለ አለ፤ አጭር ዐምድ የመሰለ አለ፤ የተሰባበረና የተጣበቀ፣ ቅርጹ የማይለይ አለ። ናካያ መልከ መልካሙንም መልከ ጥፉውንም ሳያዳላ ሁሉንም መመዝገብ አለብኝ ብሎ ተነሣ።

በ1932 ክረምት ሥራውን በዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ውስጥ እሳት በሌለበት መተላለፊያ ላይ ጀመረ። በኋላም ቅንጣቶቹ ሳይቀልጡ በሚገኙበት በቶካቺ ተራራ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኝ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ከረዳቶቹ ጋር ይሰነብት ነበር። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። መስተዋቱም ማይክሮስኮፑም እንደ ውጭው አየር መቀዝቀዝ አለባቸው። የሠራተኛው ትንፋሽ እንኳ ቢነካት ቅንጣቲቱ ትጠፋለች። ናካያ በዚህ ዐይነት 3000 የሚያህል ፎቶግራፍ አነሣ፤ የቅንጣቶችንም ቅርጽ በየወገኑ ለይቶ መደበ።

አንዲቱን ቅንጣት ሦስት ጊዜ መመርመር

ቅርጽን መለየት ብቻውን አላጠገበውም። በ1935 ናካያና ቶኢቺ ቴራዳ የተባለው የሥራ ጓደኛው ስለ አመዳይ አወራረድ ያደረጉትን ምርምር አሳተሙ። የዚህ ሥራ ብልሃቱ አንዲቱን ቅንጣት በሦስት ነገር መመርመሩ ነው፤ በስንት ፍጥነት እንደምትወርድ፣ ክብደቷ ምን ያህል እንደ ሆነና ቅርጿ ምን እንደሚመስል። ፍጥነትን ከአንዲት ቅንጣት፣ ክብደትን ከሌላዪቱ ወስዶ ማመዛዘን ስሕተት ላይ ይጥላል። ሦስቱም ከአንዲቱ ቅንጣት ሲገኙ ግን የአንዱ ነገር ምክንያት በሌላው ይገለጣል።

የተገኘውም ውጤት እንዲህ ነው። ጠፍጣፋና ባለ ስድስት ጨረር የሆነችው፣ ስፋቷ ከ3 ሚሊሜትር ጥቂት የምትበልጠው ቅንጣት በሰኮንድ 31 ሴንቲሜትር ያህል ትወርዳለች። ይህ ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ ከሚሄደው እንኳ እጅግ ያነሰ ነው። ክብደቷም ከሚሊግራም መቶኛ እጅ አራት ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ ግራም ለመሙላት ከ23,000 በላይ ቅንጣት ያስፈልጋል። መርፌ የመሰለችው በሰኮንድ 50 ሴንቲሜትር ያህል ትወርዳለች። የደመና ጠብታ በላይዋ ተለጥፎ የረጋባት ቅንጣት ፍጥነቷ ወደ 1 ሜትር ይደርሳል። ጠብታው እጅግ በዝቶ እንደ ዳጉሳ ፍሬ ያደበለበላት፣ ስፋቷ 2 ሚሊሜትር ያህል የሆነችው ደግሞ በሰኮንድ 1 ሜትር ከ80 ትወርዳለች። ይህች ድብልብል ፍሬ በስፋት ከባለ ጨረሯ ታንሳለች፤ በክብደት ግን ወደ 19 እጥፍ፣ በፍጥነትም ወደ 6 እጥፍ ትበልጣታለች።

ምክንያቱን ለመረዳት አየሩን ማሰብ ያስፈልጋል። አየር ባይኖር ኖሮ ከ3000 ሜትር ከፍታ የሚለቀቅ ነገር ሁሉ፣ አመዳይም ሆነ ድንጋይ፣ መሬት ሲደርስ በሰኮንድ 240 ሜትር ያህል በተምዘገዘገ ነበር። ነገር ግን የሚወርደው ነገር በፈጠነ ቁጥር አየሩ አብልጦ ይገታዋል። ግታቱ ከክብደቱ ጋር እኩል ሲሆን ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆምና በዚያው ልክ ይወርዳል። አንድ ሰው ነጠላውን ጠቅልሎ ከሰገነት ቢጥለው ፈጥኖ ይወርዳል፤ ዘርግቶ ቢለቀው ግን እየተንሳፈፈ ይወርዳል። የነጠላው ክብደት በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩን የሚገጥምበት ስፋት ነው። ባለ ጨረሯ ቅንጣት እንደ ተዘረጋው ነጠላ ናት፤ ድብልብሏ ፍሬ እንደ ተጠቀለለው።

ከውጤቶቹ አንዱ በተለይ ያስደንቃል። ጠፍጣፋዪቱ ባለ ጨረር ቅንጣት ብታድግም ፍጥነቷ እምብዛም አይጨምርም። ይህም እንደዚሁ በነጠላው ይገለጣል። ሁለት ነጠላዎችን ጎን ለጎን ሰፍቶ ዘርግቶ የሚለቅ ሰው ክብደቱንም ስፋቱንም እኩል እጥፍ ስላደረገ አወራረዱ ከአንዱ ነጠላ አይለይም። ቅንጣቲቱም ወደ ጎን እንጂ ወደ ውፍረት ስለማታድግ ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

ለመርሳ ገበሬ የሚሰጠው መልስ

አሁን ወደ መርሳ ሰማይ እንመለስ። ውሃ ከሚረጋበት ከፍታ እስከ መርሳ ያለው ርቀት ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ባለ ጨረሯ ቅንጣት በሰኮንድ 31 ሴንቲሜትር እየወረደች 3000 ሜትሩን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋታል። በሞቃት አየር ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ አትቆይም፤ ገና በጥቂት መቶ ሜትር ውስጥ ቀልጣ የውሃ ጠብታ ትሆናለች። ጠብታውም ጥቅጥቅ ስላለ ይፈጥናል። ስፋቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ የዝናም ጠብታ በሰኮንድ ወደ 6 ሜትር ተኩል ስለሚወርድ የቀረውን መንገድ በደቂቃዎች ይፈጽመዋል። ገበሬው የሚደሰትበት ዝናም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

የበረዶ ድንጋይ ታሪክ ግን ሌላ ነው። እርሱ የሚጀምረው እንደዚያች ድብልብል ፍሬ ነው። በደመናው ውስጥ ወደ ላይ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ እንዳይወርድ ደግፎ ሲይዘው፣ ከዜሮ በታች ቀዝቅዘው ሳይረጉ የቆዩት ጠብታዎች እየተለጠፉበት ይወፍራል። ነፋሱ ሊሸከመው ሲያቅተው ይወርዳል። ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር የሆነ በረዶ በሰኮንድ 15 ሜትር ያህል ስለሚወርድ 3000 ሜትሩን የሚያቋርጠው በሦስት ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ ገደማ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ሙቀቱ ውጭ ውጩን ያቀልጠዋል እንጂ አያጠፋውም። ከመርሳ ይልቅ በደላንታና በዋድላ ደጋ በረዶ የሚበረታበትም አንዱ ምክንያት ከዚህ ይገኛል፤ ደጋው ወደ ደመናው ስለሚቀርብ በረዶው በሞቃት አየር ውስጥ የሚሄድበት መንገድ ያጥራል። ስለዚህ በዝናምና በበረዶ፣ በጥጋብና በረኀብ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ የጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ነው።

በጥንቸል ጠጉር ላይ የበቀለችው ቅንጣት

ናካያ ከሰማይ የሚወርደውን ከለካ በኋላ ራሱ ሊሠራው ፈለገ። በዩኒቨርሲቲው ቀዝቃዛ የምርምር ክፍል ውስጥ በመስተዋት ዕቃ ከሥር ውሃ እያሞቀ እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ በብርዱ እንዲረጋ አደረገ። ችግሩ ቅንጣቲቱ የምትንጠለጠልበት ክር ነበር። በተራ ክር ላይ ውርጩ ከዳር እስከ ዳር ስለሚጋገር ለብቻዋ የምታድግ ቅንጣት አልተገኘም። ብዙ ዐይነት ክር ከተሞከረ በኋላ የጥንቸል ጠጉር ተስማሚ ሆኖ ተገኘ፤ በጠጉሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን እብጠቶች ቅንጣቶቹ ተራርቀው እንዲበቅሉ ያደርጋሉና። በማርች 12 ቀን 1936 በሰው እጅ የተሠራች የመጀመሪያዪቱ የአመዳይ ቅንጣት በዚያች ጠጉር ላይ ታየች።

ከዚህም ናካያና ተማሪዎቹ የቅንጣት ቅርጽ የሚለዋወጠው በአየሩ ብርድና በእንፋሎቱ ብዛት መሆኑን በሥዕል ሠንጠረዥ አሳዩ። ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ሲሆን መርፌ ይበቅላል፤ 15 ዲግሪ ገደማ ሲሆንና እንፋሎቱ ሲበዛ ባለ ጨረሯ ታብባለች። ሠንጠረዡ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። እዚህ ላይ ሁለቱ ሥራዎቹ ይገናኛሉ። ቅንጣቲቱ በዝግታ ስለምትወርድ በየደረጃው ያለፈችበት አየር በቅርጿ ላይ ምልክቱን ይተዋል። ስለዚህ ሠንጠረዡን የሚያውቅ ሰው በእጁ የወደቀችውን ቅንጣት አይቶ በላይኛው ሰማይ ያለውን ብርድና እርጥበት ሊገምት ይችላል።

ይህ ሥራ ከተሳካ በኋላ ናካያ ታመመና ኢቶ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተቀምጦ ለማገገም ተገደደ። ሳፖሮ የቀሩት ረዳቶቹ ሙከራውን ቀጠሉ። እርሱም በዚያ ጊዜ እንደ መምህሩ እንደ ቴራዳ ለሕዝብ የሚሆን ድርሰት መጻፍ አበዛ። በ1938 ስለ አመዳይ ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ለሊቃውንት ሳይሆን ለተራው አንባቢ የተጻፈ ነበር። በመጽሐፉ አመዳይ ለሚያስቸግረው ለሰሜን ጃፓን ገበሬ ሳይንስ ምን ሊረዳው እንደሚችል አስቦበታል። በ1941 የጃፓን አካዳሚ ሽልማት ተሰጠው።

የዓለም ጦርነት ሲነሣ ዕውቀቱ ለጦር ሥራ ተፈለገ። በኒሴኮ ተራራ ጫፍ ላይ በአውሮፕላን ክንፍ ላይ ስለሚጋገረው በረዶ አጠና። ከጦርነቱ በኋላም ወደ አሜሪካ ሄዶ ሠራ። የሃያ ዓመት ድካሙን የያዘው ትልቁ መጽሐፍ በ1954 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ክፍል በእንግሊዝኛ ወጣ። በመጨረሻዎቹ ዓመቶቹ በግሪንላንድ የበረዶ ክምር ላይ ምርምር ሲያካሂድ ቆይቶ በኤፕሪል 11 ቀን 1962 በ61 ዓመቱ ዐረፈ። በ1994 በተወለደበት ስፍራ በስሙ የበረዶና የአመዳይ ቤተ መዘክር ተከፍቷል።

ከሕይወቱ የምንማረው

ናካያ የለካቸው ቁጥሮች በመጽሐፍ ውስጥ ተዘግተው አልቀሩም። ዛሬ የአየርን ጠባይ አስቀድሞ ለመተንበይ የሚሠሩት የኮምፒዩተር ስሌቶች የበረዶ ቅንጣት በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ካልተነገራቸው ዝናሙ መቼና የት እንደሚወርድ በትክክል ሊናገሩ አይችሉም። በላይኛው ሰማይ ላይ እንደ ስስ ሻሽ የሚዘረጉት ደመናዎችም በዝግታ ከሚወርዱ ደቃቅ ቅንጣቶች የተሠሩ ስለሆኑ፣ የእነዚህ ፍጥነት የደመናውን ዕድሜ ይወስነዋል። በአሁኑ ጊዜ በራዳርና በፈጣን ፎቶግራፍ ልኬቱ እጅግ ተሻሽሏል፤ ይሁን እንጂ ስለ አወራረድ የሚጽፉ ተመራማሪዎች የ1935ቱን ሥራ እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

ለተማሪና ለወጣት ሠራተኛ ግን ከቁጥሮቹ ይልቅ የሚጠቅመው የሰውየው አኳኋን ይመስለናል። ከትምህርት ቤት የሚወጣ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚመደበው በተመኘው ከተማ ሳይሆን በአንድ ሩቅ ወረዳ ነው። የተማረበት መሣሪያ በዚያ አይገኝም። በዚህ ጊዜ ስፍራው የነሣውን ብቻ የሚቆጥር ሰው ዓመቶቹ በምሬት ያልፋሉ። ስፍራው የሰጠውን የሚቆጥር ግን ሥራ አያጣም። የሀብሩ ወረዳም የምትሰጠው ጥቂት አይደለም። በዚያው በሲሪንቃ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ለደረቅ አገር የሚስማማ ዘር ሲመረምር ኖሯል። በዚያ አካባቢ ዝናሙን በየቀኑ የሚለካ፣ በረዶ የወረደበትን ቀን፣ ሰዓትና የፍሬውን ስፋት በደብተሩ የሚጽፍ አንድ መምህር ወይም የግብርና ሠራተኛ ቢገኝ መሣሪያው ጥቂት ነው፤ ማስመሪያና እርሳስ ይበቃዋል። የእንደዚህ ያለ መዝገብ ጥቅም በአንድ ክረምት አይታይም፤ ከሃያ ክረምት በኋላ ግን ገበሬው መቼ መዝራት፣ በየትኛው ዳገት ላይ ምን ዐይነት እህል ማብቀል እንደሚሻለው ለመምከር መሠረት ይሆናል። ናካያም ሥራውን የጀመረው እሳት በሌለበት መተላለፊያ ላይ፣ በእጁ ላይ የወደቀችውን አንዲት ቅንጣት በመመርመር ነበር።